የአባዬ ድምፅ የገባበት ሰፈር

የአባቴ ድምፅ ሰው ያሳምማል ብዬ የማምን ልጅ ነበርኩ። ዛሬ ይህን ስናገር ሰው ፈገግ ይላል። በስምንት ዓመቴ ግን ማስረጃ ነበረኝ፤ በሒሳብ ደብተሬ የመጨረሻ ገጽ ላይ፣ ቀኑን ከሰፈሩ አስተያይቼ በእርሳስ የጻፍኩት ማስረጃ። እልኸኛ ስለነበርኩ አንዴ የጻፍኩትን ማንም አያስፍቀኝም።

አባዬ የከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ ነበር። በደመወዝ ወረቀቱ ላይ የሥራ መደቡ ረጅም ስም ነበረው፤ ሰው ግን "ለፋፊው" ነው የሚለው። ጣሪያዋ ላይ ሁለት ሞንታርቦ በሽቦ የታሰረባት አሮጌ ፒክአፕ ውስጥ ተቀምጦ፣ ክትባት ሲኖር፣ ውሃ ሲቋረጥ፣ ያበደ ውሻ ሲታይ ከተማውን እየዞረ ይናገራል። ድምፁ ወፍራምና የተረጋጋ ነበር፤ ቃል አይውጥም፣ አይቸኩልም። "ይሄ ሰውዬ ውሃ ሊቋረጥ ነው ሲል እንኳ ደስ ብሎኝ ነው የምሰማው" ትላለች ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ።

ልብስ ሰፊዋን እትዬ ነበር የምላት። እናቴ እኔን ወልዳ ሳምንት ሳትቆይ ስለሞተች፣ አባዬ ሥራ ሲሄድ እኔ የምውለው እሷ ዘንድ ነው፤ ከስፌት ማሽኑ ሥር፣ ቁርጥራጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጬ። እርስዎ ብዬ ስጠራት "ኧረ ተይ፣ አስረጀሽኝ" ብላ አፍንጫዬን ስለምትቆነጥጠኝ አንቺ እላት ነበር። ስትሰፋ ክር በጥርሷ ይዛ ታወራለች፤ ስትስቅም ክሩ አይወድቅም። በዓለም ላይ ከእሷ የሚበልጥብኝ ሰው አልነበረም፤ አባዬም ቢሆን። ይህን ነግሬው አላውቅም፤ የሚያውቅ ይመስለኛል።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ቅጥ አጣ። ከላይኛው መንገድ የወረደው ጎርፍ ቦዩን ሞልቶ በየደጁ ገባ። ሁላችንም ጄሪካን ይዘን የምንሰለፍበት የሰፈሩ ቦኖ ለሁለት ቀን ሻይ የመሰለ ውሃ ሰጠን፤ በሦስተኛው ቀን ጠራ። ወሬው ግን አልጠራም። ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ አንድ ሰው በተቅማጥና በትውከት ጠዋት ታሞ ከመምሸቱ በፊት ሞተ ተባለ። ሴቶቹ ማንም ሳይነግራቸው ውሃ ማፍላት ጀመሩ።

ያን ሰሞን አንድ ከሰዓት በኋላ የጤና ጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ በታይፕ የተጻፈ ወረቀት ይዞ እኛ ቤት መጣ። ማስታወቂያ የሚቀዳው እኛ ቤት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ ከብየዳ ቤት ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ፣ እዚያ የተቀዳ ነገር ሁሉ ጥርስ የሚያፋጭ ጩኸት ይገባበታል። አባዬ በራችንና መስኮታችን ላይ ብርድ ልብስ ይሰቅላል፣ ቴፑን አልጋው ላይ ያስቀምጣል፣ እኔን ጠረጴዛው ሥር ያስገባኛል። የእኔ ሥራ ትንፋሼን መያዝ ነበር። አንድ ጊዜ የጎረቤት አውራ ዶሮ በኩፍኝ ክትባት ማስታወቂያ መሃል ጮኾ ከተማው ወር ሙሉ ሲስቅብን ስለከረመ፣ ሥራዬን እንደ ዋዛ አላየውም ነበር።

ኃላፊው ጃንጥላውን ወለላችን ላይ አራግፎ ወረቀቱን ሰጠው። አባዬ ቆሞ አነበበው፤ ደግሞ አነበበው።

"ውሃው ተመርምሯል?" አለ።

"ናሙና ተልኳል።"

"ውጤቱስ?"

"ይመጣል። እስከዚያው ሕዝቡ እንዳይሸበር ነው። አንተ ድምፅህን አምጣ፤ ምርመራውን ለእኛ ተወው።"

አባዬ ወረቀቱን እንደያዘ ጎንበስ ብሎ ጠረጴዛው ሥር ወደ እኔ አየ። ዝም ማለቴን ሊያረጋግጥ መስሎኝ አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ያዝኩለት። ትንሽ ቆየና ቀና ብሎ የቴፑን ቀይ ቁልፍ ተጫነ።

"የከተማችን የመጠጥ ውሃ ንጹህና ለጤና ተስማሚ ነው። ያለ ምንም ስጋት ጠጡ። በአሉባልታ አትረበሹ።"

እንዴት ያምር ነበር። ኃላፊው ራሱ ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሰማው። አባዬ ካሴቱ ላይ ሰማያዊ ወረቀት ለጠፈበት። በማግስቱ መኪናዋ ስትዞር ሰው ፊቱ ፈታ አለ፤ ሴቶቹ ቦኖው ጋ ቆመው ሳቁ። በዚያ ቀን የታመመ ሰው ስም አልሰማሁም። ሰማያዊው ካሴት በእኔ ቤት ጥሩ ካሴት ሆነ።

ሳምንት ሳይሞላ በሽታው ከቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ጸና። አባዬ ሌላ ዓይነት ካሴት መቅዳት ጀመረ። እነዚህኛዎቹ ነጭ ወረቀት ይለጠፍባቸዋል። ውሃ አፍልታችሁ ጠጡ፣ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ፣ ተቅማጥና ትውከት የጀመረው ሰው ሳይውል ሳያድር ወደ ድንኳኑ ይምጣ ይላሉ። የበሽታውን ስም አይጠሩም፤ ስሙ እንዳይጠራ ታዟል። የድንኳኑ ቦታ ስለሚለያይ ለእያንዳንዱ ሰፈር ካሴት ለየብቻ ይቀዳል። አባዬ ከመኪናዋ ጋር መዞሩን ትቶ ነበር፤ ሰው ስላነሰ ድንኳን ይተክላል፣ ኖራ ይሸከማል። ድምፁ በመኪና ይሄዳል፤ እሱ በእግሩ።

ካሴቱን የሚወስደው ሹፌሩ ነበር። ሞንታርቦዎቹ አናቱ ላይ ስለሚጮኹበት ሁለት ጆሮውን በጥጥ ወትፎ ነው የሚነዳው፤ ስለዚህ ጥጤ ይሉታል። የራሱ መኪና የምትናገረውን ያልሰማ የከተማው ብቸኛ ሰው እሱ ነበር። በር ላይ ቆሞ "እሺ አለቃ፣ ዛሬ ምን እንጩህ?" ይለኛል፤ እኔም ካሴቱን በሁለት እጄ እሰጠዋለሁ።

እና ደብተሬ። ሰኞ መኪናዋ ቆዳ ፋብሪካው ጀርባ ገባች፤ ማክሰኞ እዚያ ስድስት ሰው ታመመ። ማክሰኞ መናኸሪያው አካባቢ ገባች፤ ረቡዕ እዚያ ድንኳን ተተከለ። በሚቀጥለው ሳምንት እንጨት መሸጫው ጋ ገባች፤ በሁለተኛው ቀን እዚያ ካለ አንድ ቤት አስከሬን ሲወጣ አየን። እንጨት መሸጫው ጋ ሰዎቹ በድንጋይ መስታወቷን ሰበሯት፤ ጥጤ ግንባሩ ላይ ፕላስተር ለጥፎ መጣ። ቦኖው ጋ ተሰልፈን አንዲት ሴትዮ "ያቺ መኪና የገባችበት ሰፈር ሰላም አያድርም" ስትል ሰማሁ። እትዬ በክርኗ ጎሰመቻትና በዓይኗ እኔን አሳየቻት። ሴትዮዋ ዝም አለች። እኔ ደግሞ ትልልቅ ሰዎች እኔን አይተው ዝም ካሉ የተባለው ነገር እውነት ነው የሚል የቆየ ልምድ ነበረኝ።

ብዙ ዓመት ቆይቼ፣ እኔም በዚያው በጤና ሥራ ተቀጥሬ፣ የዚያን ጊዜ ሰነዶች ለማየት ዕድል አግኝቻለሁ። ማስታወቂያው ሕመምተኛ በተገኘበት ሰፈር ብቻ እንዲነገር የሚል አንድ ገጽ ትእዛዝ አለ፤ ከተማው በሙሉ እንዳይደናገጥ ተብሎ። መኪናዋ በሽታ ይዛ አልገባችም። በሽታ ተከትላ ነው የምትገባው፤ ሁልጊዜም ቀን ሁለት ቀን ዘግይታ።

እትዬ በዚያ ሰሞን ከጤና ጽሕፈት ቤቱ ሥራ መጥቶላት ቀን ከቀን ሸራ ትሰፋ ነበር። ለድንኳኖቹ አልጋ የሚወጠር ሸራ ነው ተባለ። እያንዳንዱ ሸራ መሃሉ ላይ የሰሃን ያህል ክብ ቀዳዳ አለው፤ እሷ የቀዳዳውን ዙሪያ እየቀመቀመች ትሰፋዋለች። ቀዳዳው ለምን እንደሆነ ጠየቅኳት።

"ለእንዳንቺ ዓይነት ወሬኛ አንገት ማስገቢያ ነው" አለችና አንዱን በአናቴ አጠለቀችልኝ። ክሩን በጥርሷ እንደያዘች ሳቀች። ሸራውን ለብሼ ግቢውን ዞርኩ። ነጩ ክር ሲያልቅባት የመጨረሻዎቹን በቀይ ክር ነበር የጨረሰቻቸው፤ "ለሕመምተኛ ማን መልክ ያይለታል" እያለች። ቀዳዳው ከሥሩ ባልዲ እንደሚቀመጥለት፣ ያ ሕመም ሰው ተነስቶ እንዲሄድ ጊዜ እንደማይሰጥ ያወቅኩት አድጌ ነው። እሷ ግን እየሰፋች ታውቅ ነበር።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አባዬ ድምፁ ጎርንኖ፣ ጫማው ኖራ ለብሶ ገባ። ብርድ ልብሶቹን ሰቀለ። አዲስ ካሴት ሲቀዳ ሦስት ጊዜ ሳል አቋረጠው፤ ሦስት ጊዜ ከመጀመሪያው ጀመረ። እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። የድንኳኑን ቦታ ሲናገር የእኔን ትምህርት ቤት ስም ጠራ። ነገ የእኛ ሰፈር ነው ማለት ነው።

ቀድቶ ሲጨርስ ወጥቼ፣ የእኛ ሰፈር ለሌላ ጊዜ ቢሆን ምን አለበት አልኩት። ሌላ ጊዜ የለም አለኝ። የሰፈራችን ፀጉር አስተካካይ ዘመድ ጥየቃ ሄደ ተብሎ ሱቁ ከተዘጋ ሁለት ቀን እንደሆነው፣ እሱም ዘመዶቹ ጋ ሳይሆን መናኸሪያው ድንኳን ውስጥ እንደተኛ አባዬ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም። "የሚነገረው እንዳይታመሙ ነው ልጄ" አለኝ። አሳዘነኝ። ያን ያህል ትልቅ ሰው ሆኖ ድምፁ ምን እንደሚያደርግ አለማወቁ አሳዘነኝ።

ሐሙስ ጠዋት ለሁለት ቀን ስንቅ የሚሆን ዳቦ በፌስታል ይዞ ከመውጣቱ በፊት ሁለት ነገር አስጠናኝ። አንደኛ፣ ጥጤ ሲመጣ ነጩን ካሴት መስጠት። ሁለተኛ፣ እሱ አፍልቶ ከሞላው ጄሪካን በቀር አንድ ጠብታ ውሃ አለመቅመስ፤ ማንም ቢሰጠኝ፣ እትዬም ብትሆን። ደገምኩለት። አስማለኝ። ጉንጬን ስሞኝ ወጣ።

ብቻዬን ስቀር ሁለቱን ካሴቶች ጎን ለጎን አስቀምጬ አየኋቸው። ሰማያዊው ሲዞር ሰው ይስቃል፣ ማንም አይታመምም። ነጩ ሲዞር ድንኳን ይመጣል። ሰማያዊውን ብሰጠው ጥጤ ቀለሙን አይቶ ይመልስብኛል። ስለዚህ ነጩን ወረቀት ቀስ አድርጌ ላጥኩት፤ ሰማያዊውንም ላጥኩት። ትምህርት ቤት ወረቀት እንደምናጣብቀው ዱቄት በውሃ በጥብጬ፣ ነጩን ወረቀት በሰማያዊው ቦታ ለጠፍኩት። ትንሽ ተንጋደደ። በቀሚሴ ጠረግሁትና እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። እትዬን እያዳንኩ ነበር።

ጥጤ መጣ፣ ነጩን ወረቀት አየ፣ ወሰደ። ጥጡን ጆሮው ውስጥ ወተፈ። ከዚያ የአባዬ ድምፅ ሰፈራችን ገባ፤ ውሃው ንጹህ ነው፣ ያለ ምንም ስጋት ጠጡ እያለ። ሦስት ጊዜ ዞረ። ሰዎች በራቸው ላይ ወጥተው ሰሙ። እትዬ ማሽኗን አቁማ አዳመጠችና ትልቅ ትንፋሽ ተነፈሰች። ከሰሉ ሊያልቅባት እንደነበር፣ ከእንግዲህ ውሃ ለማፍላት እንደማታነድደው ተናገረች። ምድጃዋን አጥፍታ ከቦኖው የቀዳችውን በብርጭቆ ሞልታ ጠጣች፤ ከጠጣችው በኋላ ለእኔም ሞልታ ዘረጋችልኝ።

አልጠጣም አልኳት፤ ምያለሁ።

"አባትሽ ራሱ ንጹህ ነው እያለ አይደል እንዴ?"

ራሴን ግራና ቀኝ ነቀነቅሁ። ትከሻዋን ሰብቃ ብርጭቆውን እሷው ጠጣችልኝ። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ፤ ዕቅዴ ሠርቶ ነበር። ያቺን ሁለተኛ ብርጭቆ ዛሬም አያታለሁ። ጥለት ነበራት፣ አፏ ላይ ትንሽ የተሸረፈች።

አርብ ማንም አልታመመም። መኪናዋም መዞሯን ትታ ሕመምተኛ ማመላለስ ጀመረች፤ ጥጤ አልመጣም። በደብተሬ ላይ "ሐሙስ፣ የእኛ ሰፈር። አርብ፣ ማንም የለም" ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አባዬ መጣ። ዓይኑ ቀልቶ፣ በእጁ በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ሜጋፎን ይዞ። እትዬ ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ውሃ ትጠጣ ነበር። አባዬ ሰላም ሳይላት ብርጭቆውን አየ።

"ይሄ ውሃ ፈልቷል?"

"ምን ያፈላዋል? ንጹህ ነው ያልከን አንተ አይደለህ?"

"መቼ?"

"ሐሙስ ነዋ። ሦስት ጊዜ ዞረህ።"

አባዬ ፊቱ አመድ መሰለ። ወደ ቤት ገባ፤ ተከተልኩት። የካሴቶቹን ቆርቆሮ ከፈተ። ውስጡ ወረቀት የሌለው አንድ ካሴት ነበር፤ ጀርባው ላይ የተላጠ ቦታ አለው። አነሳው። ጠረጴዛው ጥግ ላይ ደግሞ የዱቄቱ ሳህን ደርቆ ተቀምጧል። እሱን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየ። እኔ የእግሬን ጣቶች አየሁ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ሜጋፎኑን ይዞ ወጣ።

በር በበር ሄደ። ድምፁ ድምፅ አልነበረም፤ የተቀደደ ነገር ነበር። አትጠጡ፣ ድፉት፣ አፍሉት ይላል። እኔ ከኋላው እየሮጥኩ ኮቱን ይዤ እጎትተዋለሁ። "ዝም በል አባዬ፣ እባክህ ዝም በል" እለዋለሁ። አላለቀስኩም ነበር፤ ተናድጄ ነበር። ያን ሁሉ ጥንቃቄ አድርጌ ያዳንኩትን ሰፈር እሱ በገዛ እግሩ እየዞረ እያስያዘው ነው። በየበሩ የቆሙት ሰዎች ደግሞ ተያዩ። ሐሙስ ንጹህ ነው ያለው ድምፅ ቅዳሜ መርዝ ነው ሲላቸው የቱን ይመኑ? አንዳንዱ ውሃውን ደፋ። አንድ ሽማግሌ፣ መጀመሪያ ከራስህ ጋር ተስማማና ና ብለው በሩን ዘጉበት። እትዬ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቆማ ነበር። ክሩ ከጥርሷ ወድቋል።

እሁድ ማለዳ እትዬ ታመመች። ጥጤ በፒክአፑ መጥቶ ከሌሎች ሦስት ሰዎች ጋር ወደ ትምህርት ቤቴ ወሰዳት። እኔ በአጥሩ ቀዳዳ አየሁ። የድንኳኑ መጋረጃ ሲገለጥ የተኛችበት አልጋ ሸራ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አለው። ፊቷ በአንድ ቀን አሥር ዓመት አርጅቷል፤ እርስዎ ብላት የማትቆጣኝ ሴትዮ ሆናለች። ሰኞ ጠዋት ሞተች። ከሰፈራችን አሥራ አንድ ሰው ሞተ።

እኔ አባዬን ጠላሁት። ይህን ለስለስ አድርጌ መጻፍ እችል ነበር፤ ግን ጠላሁት ነው እውነቱ። በደብተሬ ላይ "ቅዳሜ፣ አባዬ በእግሩ። እሁድ፣ እትዬ" ብዬ ጻፍኩ። ማስረጃው ተሟላ።

ሰኞ ከቀብር መልስ አባዬ ያን ነጭ ወረቀት የተለጠፈበትን ካሴት ከመኪናዋ አውጥቶ አመጣ። ጠረጴዛው ላይ ሙቅ ውሃ አስቀምጦ፣ ወረቀቱን አርሶ ላጠው፤ የደረቀውን ዱቄት በአውራ ጣቱ ጥፍር ፍቆ ፍቆ፣ በጨርቅ ወለወለው። ከዚያ ከጽሕፈት ቤቱ ባመጣው ሙጫ አዲስ ነጭ ወረቀት ለጠፈበት፤ ቀጥ አድርጎ። ሰው ሞቶ እሱ ካሴት ያጸዳል ብዬ ከአልጋዬ ላይ ሆኜ ታዘብኩት። ዕቃ የሚያጸዳ ነበር የመሰለኝ። ያጸዳው የእኔን እጅ ነበር።

ማክሰኞ ከበላይ መሥሪያ ቤት ሁለት ሰዎች ከኃላፊው ጋር መጡ። እኔን ወደ ውጭ አስወጡኝ፤ በመስኮቱ ሰማሁ። እንዴት ሆነ ሲሉት አባዬ፣ ደክሞኝ ነበር፣ ወረቀቱን አሳስቼ የለጠፍኩት እኔ ነኝ አለ። ካሴቱን ለሹፌሩ የሰጠው ማነው ሲሉት፣ እኔው ጠረጴዛ ላይ ትቼለት ሄጄ ነው የወሰደው አለ። ኃላፊው ቶሎ ብሎ፣ ሰው ነው፣ ድካም ነው፣ ረጅም ዘመን ያገለገለ ነው ብሎ ደገፈው። ሲወጡ ካሴቱን ኃላፊው ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ያልተመረመረ ውሃ ንጹህ ነው የሚል ካሴት መጀመሪያውኑ ለምን ኖረ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። በሰነዶቹም ውስጥ ፈልጌ አጥቻለሁ። "በሠራተኛው ስሕተት" ይላል፤ በዚያው ያበቃል።

አባዬ ከሥራ ተሰናበተ። ሰፈሩ ሰላምታ ነሳን። ቤት ቀየርን፤ ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆኖ ገባ። እዚያ በጩኸቱ ምክንያት ማንም አይናገርም፤ በእጅ ነው የሚግባቡት። ቤት ሲመጣም በሹክሹክታ ሆነ የሚያወራኝ። እኔ፣ በመጨረሻ ገባው ማለት ነው ብዬ ደስ አለኝ። ወራት ሙሉ አላነጋገርኩትም። በኋላም ስናወራ የምንነጋገረው ስለ ጨው፣ ስለ ጫማ፣ ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ነበር። እንደዚያ ሆነን አሳድጎኝ አደግሁ።

ከተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ሥልጠና ገባን። አሠልጣኟ ሐኪም ስለ ወረርሽኝ ዝግጁነት ስታስተምር፣ የተበከለ ውሃ የጠጣ ሰው በስንት ጊዜ ይታመማል ብላ ጠየቀችን፤ መልሱንም ራሷ ነገረችን። ከጥቂት ሰዓት እስከ አምስት ቀን፤ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን። ሌሎቹ ደብተራቸው ላይ ጻፉ። እኔ ጠረጴዛው ሥር በጣቶቼ ቆጠርኩ። ሐሙስ ሁለት ብርጭቆ። አርብ። ቅዳሜ። እሁድ ማለዳ። ደግሜ ቆጠርኩ። ክፍሉን ጥዬ ወጣሁ፤ የት እንደምሄድ ሳላስብ እግሬ አባዬ ቤት አደረሰኝ።

አርጅቶ ነበር። መሬት ላይ ተቀምጦ የተነቀለ የወንበር እግር በሙጫ ያጣብቃል። ቦርሳዬን እንኳ ሳላወርድ፣ ቆሜ ነገርኩት።

"ካሴቱን የለወጥኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለ በሹክሹክታው። ቀና አላለም። "በዱቄት ነበር የለጠፍሽው።"

"ታዲያ ለምን እኔ ነኝ አልክ?"

የወንበሩን እግር በሁለት እጁ ጨብጦ ያዘ። ሙጫው እስኪይዝ መልቀቅ አይችልም።

"ሁለቱም ላይ ያለው ድምፅ የማን ነው?" አለኝ። "አንቺ ልጅ ነበርሽ። ደግ የመሰለሽን መረጥሽ። ያን ካሴት እዚህ ቤት ያመጣሁት ግን እኔ ነኝ።"

ማልቀስ ፈልጌ እንባ እምቢ አለኝ። አጠገቡ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ውጭ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

"ያን ቅዳሜ ኮቴን ይዘሽ ዝም በል ስትዪኝ፣ ምን እያሰብኩ እንደነበር ታውቂያለሽ?"

አላውቅም አልኩት።

"ኃላፊው ያን የመጀመሪያውን ወረቀት የሰጠኝ ቀን ጎንበስ ብዬ አይቼሽ ነበር። ምነው ያኔ ዝም በል ባለችኝ ነበር ያልኩት።"

ያኔማ እኔ ጠረጴዛው ሥር አፍንጫዬን በሁለት ጣቴ ይዤ፣ ሥራዬን እየሠራሁ ነበር።